ያልጠጣሁት ኮሶ

ድሮ ኮሶ የጠጣ ሰው ይከበር ነበር። እናንተ በኪኒን ያደጋችሁት ይሄን አታውቁትም። በንጉሡ ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሁሉ፣ ማለት አገሩ በሙሉ፣ በየሁለት በየሦስት ወሩ አንድ ጠዋት ይመርጥና የኮሶ አበባውን አስወቅጦ፣ በውሃ አስበጥብጦ፣ አፍንጫውን ይዞ በባዶ ሆዱ ይጨልጠዋል። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ኮሶው ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ይዞ እስኪወጣ ድረስ እንግዳ አይገባም፣ ማንም አይጠራውም፣ ሚስቱ እንኳ አትነዘንዘውም። ሰው ካየው ይበላሽበታል ይባላላ! ለቅሶ ቢቀር አይታማም፣ ዳኛ ፊት ቢቀር ቀጠሮ ይዛወርለታል። ማታ ደግሞ ማሻሪያ ተብሎ ዶሮ ይሠራለታል።

እኔ ታዲያ ይሄን ሁሉ ክብር አንዲት ጠብታ ኮሶ ሳልቀምስ ክረምቱን ሙሉ ተንደላቀቅሁበት።

ፊደል አልቆጠርኩም። የምለውን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት፤ ገና ከአሁኑ «እማማ፣ ይሄስ ይጻፋል?» እያለች ታፍራለች። ይጻፍ! ሆድ የሌለው ሰው አለ እንዴ?

ቤታችን ከቡራዩ አለፍ ብሎ ገፈርሳ ውሃው አጠገብ ነበር። ባሌ ባህር ዛፍ እየቆረጠ አዲስ አበባ ይሸጣል፣ እኔ ጠላ እጠምቃለሁ። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። ከኛ ግድግዳ በስተጀርባ የጎረቤቴ የላም በረት ነው፤ እሷ የገበሬ ሚስት ናት፣ ኦሮሞ፣ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ እኔ አዴ እላታለሁ። ጠዋት ላሟን ስታልብ የወተቱ ድምፅ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ጓሮ ስወጣ ደም በማየቴ ነው። ኪንታሮት ነው አሉኝ። መንደሩ ሁሉ የኪንታሮት ሐኪም ነበር! አንዱ ቅጠል አመጣልኝ፣ አንዱ ጸበል ላከኝ፣ አንዷማ ቅቤ አድርገሽ ተቀመጪ አለችኝ። ቅቤው ላይ ነው የምቀመጠው ወይስ ተቀብቼ ነው ብዬ ብጠይቃት ተቆጥታ ሄደች። እኔ ስከሳ ባሌ ጨነቀውና እየገፋ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። የሚያስተረጉምለት አንድ ድሬሰር አለ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ሰው ሲያፍር ማየት የሚወድ። ፈረንጁ እኔን ፊቴን አዙሮ አንበረከከኝና ባሌ በኩራዝ እንኳ ያላየውን በባትሪ አየው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ድሬሰሩ አሳጠረው።

«ነቀርሳ ነው ይላል። ትልቁ አንጀትሽ ላይ። ግን ገና ጨቅላ ነው፣ በጊዜ ደርሰሻል።»

ዛሬ ካንሰር የምትሉት ነው። ቆረጡት፣ ቀሪውን ሰፉት፣ አልሞትኩም። ሲያሰናብቱኝ ድሬሰሩ «ጨርሰን አውጥተነዋል፣ በየሦስት ወሩ እየመጣሽ ትታያለሽ» አለኝ።

«የቆረጣችሁትን ስጡኛ» አልኩት።

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን ወስጄ እቀብረዋለሁ። የክርስቲያን አንጀት ነው። ለትንሣኤ ስነሳ የት ብዬ ልፈልገው?»

ሳቀና ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ ተማሪዎች ይማሩበታል አለኝ። ይኸውላችሁ፣ እኔ ሳልገባ አንጀቴ ተማሪ ቤት ገባ።

ቤት ስመለስ እንኳን ማረሽ የማይል ሰው ጠፋ። በግ ታረደ። ከሰበታ የባሌ አክስት መጡ፤ እግራቸውን ያማቸዋል ግን ወጥ ያለበት ቤት አይጠፋቸውም። እትዬ እላቸው ነበር። ትክ ብለው አዩኝ።

«ተመስገን፣ ፊትሽ ወዝ ይዟል» አሉ። «እኛ ሰፈርም አንድ ሰውዬ ልክ እንዳንቺ ተቀዶ ነበር የዳነው። አይ ደስታ! ወፈረ፣ ቀላ፣ እሱም በግ አርዶ አበላን።»

«ታዲያ አሁን እንዴት ናቸው፣ እትዬ?»

«አሁንማ ነፍሱን ይማረው። ተመለሰበት።» ሳህናቸውን ዘረጉልኝ። «የወጡ ጨው ልክ ነው፣ እስቲ ጨምሪልኝ።»

ጨመርኩላቸው። እሳቸው በልተው ሰበታ ሄዱ፣ ያ ሰውዬ ግን እኔ ቤት ቀረ። ሆዴ ሲጮህ መጣ እላለሁ። ሆዴ ዝም ሲል ተደብቆ ነው እላለሁ። ወገቤን ሲያመኝ ወደ ወገቤ ወረደ፣ ሲተወኝ ደግሞ ቦታ ቀየረ። ፈረንጁ በሽታውን ቆርጦ ወስዶ ፍርሃቱን ለኔ ትቶልኝ ነበር፤ ያንንም ለተማሪዎቹ ቢያስቀምጥላቸው ምን ነበረበት!

ትፈራለች እንዳትሉኝ፣ ማን አይፈራም። ችግሩ የት ቁጭ ብዬ ልፍራ የሚለው ነው። እኛ መንደር ብቻዬን ልሁን የሚል ሰው የለም። ፊትሽን ካጠቆርሽ «ምን ሆንሽ?»፣ ከተኛሽ «ምን ነካሽ?»፣ ካለቀስሽ ሦስት ሴቶች ከጎንሽ ተቀምጠው ምክንያቱን ሳያውቁ ያለቅሱልሻል። ጠላ ቤትም ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይመጣል። ሳቂ ተጫዋች ተብዬ ደግሞ ስም ወጥቶልኛል፤ ሰው ጠላዬን ብቻ ሳይሆን እኔንም ሊጠጣ ነው የሚመጣው።

አንድ ጠዋት ሆዴ ጮኸ። ባሌ መጥረቢያውን ሲያነሳ እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ።

«ምነው፣ አትነሺም?»

እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ። «ኮሶ ጠጥቻለሁ» አልኩት።

«ሐኪሙ ፈቅዶልሻል?»

«ራሱ ነው ያዘዘኝ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። በሩን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ዘጋልኝ። ውጭ «ዛሬ ጠላ የለም፣ ኮሶ ጠጥታለች» ሲል ሰማሁት፤ ሰካራሞቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተበተኑ። እኔም የልቤን ፈራሁ። ሆዴን ዳሰስኩ፣ ስፌቴን ዳሰስኩ፣ ተዝካሬን አሰብኩ፣ ባሌ ከሞትኩ በኋላ የሚያገባትን ሴት መረጥኩለት፣ ከዚያ ሳልወዳት ቀርቼ ሌላ መረጥኩለት። ኮሶ የጠጣ ሰው እሳት አያነድም፣ ምግብ አይቀምስም። ሲርበኝ ትራሴ ሥር ከደበቅኩት ቆሎ እየዘገንኩ ቆረጠምኩ። ማታ ዶሮ ተሠራልኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት የት ይገኛል!

በሳምንቱ ደገምኩት። ከዚያ ሰለስኩት። ጓሮ መውጣት ደግሞ እየፈራሁ መጣሁ፤ ከወጣሁ ማየት ነው፣ ካየሁ ማወቅ ነው። ስለዚህ እችለዋለሁ፣ እይዘዋለሁ፣ ውሃም አልጠጣም። ቆሎ ግን አላቆምኩም።

የሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ደረሰ። ባሌ ማለዳ ተነስቶ ጫማውን ወልውሎ ጠበቀኝ። እኔ ተሸፋፍኜ ተኝቻለሁ።

«ዛሬኮ ቀጠሮሽ ነው!»

«ኮሶ ጠጥቻለሁ።»

ኮሶ የጠጣ ሰው አውቶቡስ ላይ አይሳፈርም፤ ሞክሮ የሚያውቅ ካለ እሱም ሆነ አብረውት የተሳፈሩት አይረሱትም። ባሌ ጫማውን አወለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት እንሂድ አለ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ኮሶ ጠጥቼ ተገኘሁ።

ከዚያ አንድ ቀን መያዝ አቅቶኝ ጓሮ ወጣሁ። አመመኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ደም ነው።

እዚያው ባህር ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ ነጠላዬ ጭንቅላቴ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ መቆሜን አላወቅኩም። ያ የሰበታው ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ በጉ፣ ቅላቱ። ከዚያ አንድ ጥሩ ሐሳብ መጣልኝ፤ ካልሄድኩ አልተመለሰም። ፈረንጁ ካላየው የለም። እንዲህ አድርጌ ነገሩን ጨረስኩትና ፊቴን ታጥቤ ገባሁ፣ ጠላ ቀዳሁ፣ ሰው አሳቅኩ።

መንደሩ ግን ያለኔ ምክር የራሱን ሐሳብ ሲያስብ ከርሟል። ይቺ ሴትዮ በየሳምንቱ ኮሶ ትጠጣለች፣ አሁንም አልሻራትም። እንግዲያው ሆዷ ውስጥ ያለው ትል አይደለም ዘንዶ ነው። ደንበኞቼ ጠላ እየጠጡ ወደ ሆዴ ያያሉ። አንዱማ «ሲነካሽ ይንቀሳቀሳል ወይ?» አለኝ። «አንተ ዋንጫህ ሲጎድል እንደምትንቀሳቀሰው ነው» ብዬ አባረርኩት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ደግሜ ተኝቼ ሳለ በሩ ተከፈተ። ኮሶ የጠጣ ሰው ላይ በር ተከፈተ! አዴ ናት። በአንድ እጇ ቅል ይዛለች። ባሌ ከኋላዋ ቆሟል፣ ጫማውን አድርጎ።

«አካም ቡልቴ?» አለች፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ደህና» አልኩ፣ ብርድ ልብሱን ወደ አፍንጫዬ እየሳብኩ። «አዴ፣ ኮሶ ጠጥቼ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ያንቺ ሄጦ ሰነፍ ነው።» ሄጦ ማለት በኦሮምኛ ኮሶ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሱሉልታ ያሉት ኦቦ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከተራራው ያመጡት ነው። ይሄን የጠጣ ትሉ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ የትሉ አያት ጭምር ነው። ተነሺ፣ እኔ እያየሁሽ ትጠጫለሽ።»

ቅሉን ወደ አፌ አቀረበችው። የተሰፋ አንጀቴ በዚያ ኮሶ ሲበጠስ ታየኝ። ልጠጣ ብል እሞታለሁ፣ አልጠጣም ብል ልጋለጥ ነው።

«ሐኪም ሳይፈቅድ አልጠጣም!» አልኩ።

ባሌ አንገቱን አወጣ። «ሐኪሙ ራሱ አዞኛል አላልሽም?»

«ያ የፊተኛው ኮሶ ነው። የሱሉልታውን አያውቀውም።»

«ዱጋ! እውነቷን ነው» አለች አዴ፣ ኮስተር ብላ። «ሐኪሙ ያላየውን እንዴት ትጠጣለች? እንጠይቀዋ። አውቶቡሱ ሳያልፍ እንሂድ።»

«ኮሶ ጠጥቻለሁኮ! መንገድ ላይ ቢያዋርደኝስ?»

«ክረምቱን ሙሉ ያልወጣ ዛሬ ይወጣል ብለሽ ነው?» አለችና ነጠላዬን ወረወረችልኝ። «ያ ኢንተላ፣ ተነሺ!»

ልጅት ማለቷ ነው፤ ልጆቼ ልጅ ወልደዋል። ያኔ ባል አንቱ ይባል ነበር፣ እኔ ግን ባሌን አንቱ የምለው ሲያናድደኝ ብቻ ነው። «እርስዎም አብረው መከሩ?» አልኩት። ጫማውን እያየ ቀድሞን ወጣ።

አውቶቡሱ ላይ አዴ ቅሉን እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ምንድነው ይላታል፣ እሷ «ትል ገዳይ ነው፣ ከሱሉልታ» እያለች ታስረዳለች። አስኮን ስናልፍ ሁለት ሰዎች ለራሳቸው ሊገዙት ጠየቋት። እኔ በመስኮት እያየሁ ሆዴን ይዣለሁ። ደሙን ለማንም አልተናገርኩም። የባህር ዛፉን፣ የጭቃውን መንገድ፣ የሰውን ሁሉ እንደመጨረሻ እያየሁ ሄድኩ፤ ጭቃ እንኳ ያሳሳል እንዴ?

ሐኪም ቤት ያ ድሬሰር እዚያው አለ። «የጠፋሽው ሴትዮ!» አለ፣ እንደ ዘመድ። ባሌን ውጭ አስቀመጡት። አዴ ግን ማንም ሳይፈቅድላት ገባች፤ ድሬሰሩ ሊያስወጣት ሲሞክር በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችውና ወንበር አመጣላት። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

መንበርከክ፣ ፊት ማዞር፣ ባትሪ። ፈረንጁ አየ፣ ባትሪውን አቅርቦ ደግሞ አየ። እዚያ ተንበርክኬ፣ ኋላዬን ለአገር ሰጥቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ አልኩት።

«ደም አይቻለሁ። ተመልሷል።»

አዴ እጄን ያዘች። እጇ የላም ጡት እያለበ የጠነከረ ነው፣ ሊሰብረኝ ደረሰ። «ሂን ሶዳቲን» አለችኝ፣ አትፍሪ ማለቷ ነው። «ብትፈሪም እዚሁ ነኝ።»

ፈረንጁ ተናገረ። ድሬሰሩ ጆሮውን ሰጠው፣ ፊቱ ተቀያየረ፣ ከንፈሩን ነከሰ።

«ምን ትበላለች ይላል።»

«ምን?»

«ምን ትበያለሽ? ሆድሽ እንደ ድንጋይ ደርቋል።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቆሎ» አልኩ።

«ውሃስ?»

«እምብዛም።»

ፈረንጁ እጁን እየታጠበ ብዙ ተናገረ። የቆረጠበት ቦታ ድኗል፣ ንጹህ ነው፣ የተመለሰ ነገር የለም። ደሙ ከድርቀት ነው፤ ደረቅ ነገር ሲወጣ ቆዳውን ሰንጥቆት ነው። ቆሎ ይቅርባት፣ ውሃ ትጠጣ፣ ጓሮ መውጣት ስትፈልግ አትያዝ፣ ደም ያየች ቀን ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ። ይኸው ነው። ክረምቱን ሙሉ የሞትኩት በቆሎዬ ነበር። ነቀርሳ ያልገደለኝን ሴትዮ የትራሴ ሥር ገብስ ሊገድለኝ!

ተነስቼ ቀሚሴን አስተካከልኩ። ሳቅ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባ መጣ፣ ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

«ኮሶ ጠጥታ ታውቃለች ወይ ይላል» አለ ድሬሰሩ።

አዴን አየኋት። አዴ ጣሪያውን አየች።

«አልጠጣሁም» አልኩ።

«አንድ ጊዜም?»

«አንድ ጊዜም።»

ፈረንጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጎበዝ ይላል» አለ ድሬሰሩ። «ሰው ሁሉ እንዳንቺ ምክር ቢሰማ ይላል።» በሕይወቴ በውሸቴ የተመሰገንኩት ብዙ ጊዜ ነው፣ በእውነቴ ግን ያኔ ብቻ ነው።

ስንመለስ ከአውቶቡስ ወርደን በውሃው ዳር መጣን። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ባሌ ፈንጠር ብሎ ከፊት ይሄዳል፣ ደህና ናት መባሉን ሰምቶ እንደ ጎረምሳ ያፏጫል። አዴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና የቅሉን ክዳን ነቅላ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

«አዴ! ያ ሁሉ ኮሶ!»

አፏን ጠርጋ ቅሉን ሰጠችኝ። ቀመስኩት። ተልባ ነው፣ ማር የገባበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ላሜን ሳልብ ትሰሚኝ የለ? እኔስ አልሰማሽም? ኮሶ ጠጥቶ እንደ ፈረስ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ሰው በሩን ዘግቶ ይፍራ ብዬ ነው። ጓሮ ደርሰሽ ዝናብ ውስጥ ቆመሽ ሳይሽ ግን በቃ አልኩ።»

ውሃው ላይ ዳክዬዎች ነበሩ። ተልባውን ተቀባብለን ጨረስነው። እኔ ከሷ የበለጠ ጠጣሁ፣ ሐኪም አዞኛላ።

ባሌ እስኪሞት ድረስ የዳንኩት በሱሉልታው ኮሶ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሽታው ብቻ ሸትቶት ነው ትሉ ደንግጦ የሞተው እያለ በየጠላ ቤቱ ያወራ ነበር። ወሬው ሰበታ ደረሰ። የባሌ አክስት እግራቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ያን ተአምረኛ ኮሶ ለኔም» አሉ። «የኛ ሰፈሯ ሴትዮ እንዲህ ሆዷን ብሏት...»

አዴ አላስጨረሰቻቸውም። እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸውና በቅል አመጣችላቸው። ለሳቸውስ የእውነቱን ነው የሰጠነው። ወሬውን ሳይጨርሱ ነው ወደ ጓሮ የሮጡት፣ በዚያ እግራቸው!

ፍርሃቱ ሄደልሽ ወይ ለምትሉኝ፣ የት ይሄዳል። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ያ የሰበታው ሰውዬ ወፍሮ፣ ቀልቶ፣ በጉን እየጎተተ ይመጣል። ከቀጠሮ ግን አንድም ቀን አልቀረሁም። ባሌ በሕይወት ሳለ ከዋዜማው ጀምሮ ቆሎ ከቤት ይወጣ ነበር፤ ግድግዳውን በጡጫ እመታለሁ፣ አዴ ላሟን ትታ ተልባዋን ይዛ ትመጣለች። ሁለታችን አልጋው ላይ ተደግፈን እኔ እፈራለሁ፣ እሷ የፈራሁትን ትሰማለች፣ መሀል ላይ ባሌን እናማለን። እሱ ውጭ ቆሞ ለደንበኞቼ «አሁንማ ጎረቤቷም ጀምሯታል» ሲል እንሰማዋለን።

ሰካራሞቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይበተናሉ። እንግዳ አይገባም። ኮሶ ጠጥተናል።